የርካሹ ዲስክ ውድ ዋጋ፦ የቪዲዮ ዲስክ አሠራርና ዋጋ ታሪክ ከደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ሲታይ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል አዘጋጅነት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት የጫማ ካርቶን ነው። በውስጡ 43 ዲቪዲዎች አሉ። ከ1997 እስከ 2001 ዓ.ም. በየኪ፣ በሸኮና በቤንች አካባቢ እየተዘዋወርኩ ያነጋገርኳቸው አረጋውያን ቃል የተቀዳው በእነዚህ ላይ ነው። ስለ ቡና እርሻዎቹ አመሠራረት፣ ስለ ሠፈራ፣ ስለ ጫካው ባለቤትነት፣ ከእነርሱ በፊት ስለነበሩ ሰዎች ነግረውኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊጠቀምባቸው ፈለገና ካርቶኑን ከመደርደሪያ አወረድን። ከ43ቱ በደኅና የተከፈቱት 17 ናቸው። የቀሩትን 26 ማሽኑ ጥቂት አሽከርክሮ ይተፋቸዋል። ካነጋገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

የዛሬው ንግግሬ የተነሣው ከዚህ ካርቶን ነው። ስለ ብራና ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ቆዳው እንዴት እንደተፋቀ፣ ቀለሙ በምን እንደተበጠበጠ፣ ጸሐፊው ምን እንደተከፈለው ይጠይቃል። እኛ ግን የዘመናችንን ቃልና ምስል የተሸከመውን ዲስክ ከምን እንደተሠራና ዋጋውን ማን እንደተመነው ሳንጠይቅ ተቀብለነዋል። እኔ ዘግይቼ ስጠይቅ ያገኘሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልበለው፤ አንድ ዲስክ ርካሽ የሆነው ከዋጋው ከፊሉን ሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ ወይም በሌላ ጊዜ ስለሚከፍለው ነው። ይህን ለማሳየት ከእኛ ከተማ ቪዲዮ ቤት ተነሥቼ፣ በዓለም ገበያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 በተካሄደው የአዲሱ ትውልድ ዲስክ ፉክክር አልፌ፣ ወደዚሁ ካርቶን እመለሳለሁ።

ከቪዲዮ ቤት እስከ ቪሲዲ

በ1980ዎቹ አጋማሽ ቴፒ ውስጥ ፊልም ማየት ማለት ቪዲዮ ቤት መግባት ማለት ነበር። በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል፣ በረድፍ የተደረደሩ አግዳሚዎች፣ ከፊት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የካሴት ዴክ፣ ከጓሮ የሚጮኽ ጄኔሬተር። ከተመልካቹ መካከል የሕንድ ፊልሙን በገዛ ራሱ አማርኛ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር፤ የቡና ለቀማ ሲደርስ አንድ ብር ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከየአገሩ ለለቀማ የመጣው ሠራተኛ ሳምንታዊ ሒሳቡን የሚቀበልበት ቅዳሜ፣ ቪዲዮ ቤቱ ሦስትና አራት ጊዜ ሞልቶ ይለቀቃል። የመዝናኛው ዋጋ ከቡናው ጋር ይወጣና ይወርድ እንደነበር በልጅነቴ ያየሁት ነው።

ካሴቱን ከገበያ ያስወጣው ቪሲዲ ነው። የቪሲዲ መስፈርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 በፊሊፕስ፣ በሶኒ፣ በማትሱሺታና በጄቪሲ ኩባንያዎች ስምምነት ነው። ብልሃቱ አዲስ ዲስክ አለመፍጠሩ ላይ ነው፤ ለሙዚቃ በተሠራው ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ ያህል ተንቀሳቃሽ ምስል አሳጥሮና አጭቆ ያስገባል። ሙሉ ፊልም በአንድ ዲስክ ስለማያልቅ ሁለትና ሦስት ዲስክ ይፈልጋል። «ሁለተኛውን ሲዲ አስገባው!» የሚለው ጩኸት የመጣው ከዚህ ነው። የምስሉ ጥራት ከካሴቱ ብዙም አይበልጥም። ታላላቆቹ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች በአገራቸው ገበያ ችላ ብለውት አልፈዋል፤ የቻይና ፋብሪካዎች ግን ማጫወቻውን በብዙ ሚሊዮኖች አምርተው ለእስያና ለአፍሪካ አዳረሱት።

ወደ እኛ የደረሰው በመርካቶ በኩል ነው። ጊዜው ለቡና አምራቹ ክፉ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የዓለም ቡና ድርጅት አማካይ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ጀንፈሉን ለመሸጥ ለቀማና መጓጓዣ ከሽያጩ በላይ የሆነበት ገበሬ አይቻለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ሊገባ የሚችለው እጅግ ርካሽ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቪሲዲ ርካሽ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዲቪዲ ተከተለው።

ዲስክ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። የዋጋው ምስጢር ያለው እዚያ ነውና።

የማንኛውም ዲስክ አካል ፖሊካርቦኔት የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። አንድ ዲስክ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያ ፊልሙ በመስታወት ላይ በሌዘር ይቀረጻል፤ ከመስታወቱም የኒኬል ማተሚያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የቀለጠው ፕላስቲክ ከማተሚያው ጋር በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል ይጨመቃል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጎድጓዶች የታተሙበት ዲስክ ይወጣል። ብርሃን መልሶ እንዲያንጸባርቅ ስስ የብረት ንጣፍ ይለብሳል፤ በላዩም መከላከያ ይቀባል። ዲቪዲ ሲሆን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ገጾች በማጣበቂያ ይገጠማሉ።

ከዚህ አሠራር ሁለት የዋጋ ሕጎች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው፣ ወጪው የተከማቸው በጅምሩ ላይ መሆኑ ነው። የመስታወቱ ቀረጻና ማተሚያው አንድ ጊዜ ይከፈልባቸዋል፤ ቅጂው በበዛ ቁጥር የአንዱ ዲስክ ዋጋ ይወርዳል። መቶ ሺህ ቅጂ ለሚያሳትም ኩባንያ ይህ ወጪ ኢምንት ነው፤ ሁለት መቶ ቅጂ ለሚፈልግ የሚዛን ሙዚቀኛ ግን የማይወጣው ዳገት ነው። ሁለተኛው፣ ከዲስኩ ዋጋ ውስጥ ፕላስቲኩ ትንሹ መሆኑ ነው። ትልቁ የሐሳብ ዋጋ ነው። የዲቪዲ የፈጠራ መብት ባለቤቶች በቡድን ተደራጅተው ከእያንዳንዱ ዲስክና ከእያንዳንዱ ማጫወቻ የፈቃድ ክፍያ ይሰበስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የቻይና አምራቾች ስድስት ኩባንያዎችን ላቀፈው አንዱ ቡድን ብቻ ከሚልኩት ከእያንዳንዱ ማጫወቻ 4 ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል፤ ሌሎቹ ቡድኖችም የየራሳቸውን ጠይቀዋል። ማጫወቻው በጥቂት አሥር ዶላሮች በሚሸጥበት ገበያ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም።

ጥቂት ቅጂ ለሚፈልግ ሰው የቀረለት መንገድ በተለምዶ «በርን ማድረግ» የምንለው ነው። በርን የሚደረገው ዲስክ ከታተመው ጋር መንታ ይመስላል፤ ሲፈጠር ግን ለየቅል ነው። በታተመው ላይ መረጃው ፕላስቲኩ ራሱ የያዘው ቅርጽ ነው። በርን በሚደረገው ላይ ግን ጎድጓዳ የለም፤ በምትኩ የኬሚካል ቀለም ንጣፍ አለ፤ ሌዘሩ ቀለሙን በሙቀት ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይጽፍበታል። አንዱ በድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ጽሑፍ ነው፤ ሌላው በጨርቅ ላይ እንደተነከረ ቀለም። ይህን ልዩነት እባካችሁ ያዙልኝ፤ የካርቶኔ ታሪክ ከዚህ የሚጀምር ነውና።

ሰማያዊው ሌዘር

ዲስክ ይበልጥ ብዙ እንዲይዝ ከተፈለገ የሚጻፍበት ነጥብ ማነስ አለበት፤ ነጥቡ እንዲያንስ የብርሃኑ ሞገድ ማጠር አለበት። ሲዲ በ780 ናኖ ሜትር፣ ዲቪዲ በ650 ናኖ ሜትር ሌዘር ይነበባሉ። የአዲሱን ትውልድ ዲስክ ያስቻለው 405 ናኖ ሜትር የሆነው ሰማያዊ-ወይን ጠጅ ሌዘር ነው። የሰማያዊ ብርሃን ምንጭን ያስገኙት የጃፓን ሳይንቲስቶች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ሰማያዊ ብርሃን አመንጪ ዳዮድን በመፍጠራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በዚህ ብርሃን ላይ ሁለት ቡድኖች ተፎካከሩ። በቶሺባ የሚመራው ወገን ኤችዲ ዲቪዲን አቀረበ። መረጃው የሚቀመጥበት ጥልቀት እንደ ዲቪዲው 0.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ነባሮቹ የዲቪዲ ማተሚያ መስመሮች ጥቂት ለውጥ ተደርጎባቸው ሊያመርቱት ይችላሉ። የቶሺባ ዋና መከራከሪያ ይኸው የማምረቻ ርካሽነት ነበር። ሶኒ፣ ማትሱሺታ፣ ፊሊፕስና አጋሮቻቸው ደግሞ ብሉ ሬይን አቀረቡ። እዚህ መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ይህም በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት እንዲይዝ አስቻለው፤ ተፎካካሪው የሚይዘው 15 ነው። በአንጻሩ አዲስ የማምረቻ መሣሪያና ጭረትን የሚቋቋም ልዩ ሽፋን ጠየቀ።

የችርቻሮው ዋጋ ደግሞ ከማምረቻው ወጪ ጋር መለያየቱ ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጸደይ ቶሺባ የመጀመሪያውን ማጫወቻ በአሜሪካ 499 ዶላር ሸጠው፤ ማጫወቻውን ፈታትተው የተመኑ የገበያ ተንታኞች በውስጡ ያለው ዕቃ ብቻ ከ670 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ገመቱ። የሳምሰንግ የመጀመሪያ የብሉ ሬይ ማጫወቻ በዚያው ዓመት በ999 ዶላር ወጣ። በኅዳር ወር ሶኒ ብሉ ሬይ የሚያነበውን ፕሌይስቴሽን 3 በ499 እና በ599 ዶላር አቀረበ፤ እነዚያው ተንታኞች የርካሹን ሞዴል ወጪ ከ800 ዶላር በላይ አድርገው ገመቱት። ሁለቱም ወገኖች በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ እየከሰሩ ይሸጡ ነበር ማለት ነው። የሚገዙት ነገ የሚሰበስቡትን የፈቃድ ክፍያና የፊልም ገበያ ነበርና።

ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ። በ2007 መጨረሻ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ቸርቻሪ የቶሺባን ማጫወቻ ከ100 ዶላር በታች ሸጠው። ርካሽነት ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ በዚያ ቀን ባበቃ ነበር። ነገር ግን ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋርነር ፊልም ኩባንያ ፊልሞቹን በብሉ ሬይ ብቻ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ታላላቆቹ መደብሮች ተከተሉት፤ የካቲት 11 ቀን 2000 ዓ.ም. ቶሺባ ከውድድሩ መውጣቱን ይፋ አደረገ። በርካሹ መስመር የሚመረተው ዲስክ ተሸነፈ። ያሸነፈው የፊልሙን ባለቤቶች ከጎኑ ያሰለፈውና ማጫወቻውን በጨዋታ መሣሪያ ስም ቀድሞ በየቤቱ ያስገባው ነው።

ከዚህ ሆኖ ሲታይ

እኛ ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት ዓመት የተፈጸመው ይህ ሁሉ፣ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኘው ሚዛን ተፈሪ ምን ማለት ነበር? በሒሳብ እንየው።

በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ዶላር 8 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። የ999 ዶላሩ ማጫወቻ ቀረጥና መጓጓዣ ሳይታከልበት 8,700 ብር ያህል ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. ግድም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 320 ብር ነበር። ስለዚህ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ 27 ወር ሳይበላ ሳይጠጣ መሥራት ነበረበት። 30 ዶላር የሚሸጥ አንድ የፊልም ዲስክ ከሃያ ቀን በላይ ደመወዙን ይወስዳል። በቡና እንመንዝረው ብንል፣ በዚያ ዓመት አማካይ የዓለም ዋጋ 95 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ለአንድ ፓውንድ ስለነበር፣ አንድ ማጫወቻ 60 ኪሎ የሚይዙ ስምንት ጆንያ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ያህላል። ይህ የወደብ ዋጋ ነው፤ በገበሬው ደጃፍ ሲሆን ጆንያው ይበዛል።

በዚያው ወቅት አገራችንም የራሷን የሐሳብ ዋጋ ክርክር ገጥማ ነበር። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተነሣው ጥያቄ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር አከራክሯት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 በስምምነት ተቋጨ። ይህን ጉዳይ ከዲስኩ ጋር የማያይዘው በዘመን ስለተገጣጠሙ ብቻ አይደለም። የአሥራ አምስት ግራም ፕላስቲክ ዋጋ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደሌለ ሁሉ፣ በአንድ ስኒ ቡና የሚከፈለውም አብዛኛው ዋጋ በፍሬው ውስጥ የለም፤ በስሙ፣ በፈቃዱና በመሸጫው ውስጥ ነው። ፍሬውን የሚያመርተውና ዲስኩን የሚገዛው የቴፒ ገበሬ በሁለቱም ገበያ ላይ የሚገኘው ዋጋ ከማይተመንበት ወገን ነው። ከእነዚያ ሦስት ስሞች መካከል የእኛ ምድር ስም እንዳልነበረበትም ልብ ይሏል።

ታዲያ ሰው ምን አደረገ? ከዋጋው ውጭ ያለውን መንገድ ያዘ። አምስትና ስድስት ፊልም የታጨቀበት በርን የተደረገ ዲቪዲ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከዚያም በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት ደንግጓል። ሕጉ ግን ባዶ ዲስኩ በጥቂት ብር በሚገዛበትና የታተመው ከዐቅም በላይ በሆነበት ገበያ ላይ ብዙ ጉልበት አልነበረውም። የውጭው ፊልም ሠሪ ጉዳቱን በሌላ ገበያ ያካክሳል። የአማርኛ ፊልም ሠሪውና የቤንች ወይም የካፋ ዘፋኙ ግን ሌላ ገበያ የላቸውም፤ የርካሹን ዲስክ ዋጋ በቅድሚያ የከፈሉት እነርሱ ናቸው።

ብሉ ሬይን በሚዛንና በቴፒ ሱቆች ሲሸጥ አላየሁም። ዋጋው ሲረክስም አልመጣም፤ ምክንያቱም ጊዜው አልፎበት ነበር። የድሮው ቴሌቪዥን ጥራቱን ማሳየት አይችልም፤ አዲሱ ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ይዞ መጣ። ወጣቱ በስልኩ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም ማስጫን ጀመረ፤ ዲሹ በየጣሪያው ተተከለ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ወደ ሳሎን አስገባ። ከዲቪዲ በቀጥታ ወደ ፍላሽ ተሻገርን። ብዙዎች ይህን እንደ ዕድል ይቆጥሩታል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ያደረ ዕዳ

አሁን ወደ ካርቶኔ ልመለስ። በ1997 ቀረጻውን ስጀምር ቃለ መጠይቆቹ ያሉት በካሜራ ካሴት ላይ ነበር። ካሴት ውድ ስለነበር ቃሉን በርን እያደረግሁ ካሴቱን ደግሜ እጠቀምበት ነበር። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ባዶ ዲስክ ነበር፤ አንዱ ከሌላው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። እኔ ርካሹን ገዛሁ። ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ብቻ አወጣሁ። በላዩም የሰውየውን ስምና የቀበሌውን ስም የጻፍኩበት ወረቀት በሙጫ ለጠፍኩ። እነዚህ ሦስቱም ስሕተቶች የእኔ ናቸው፤ በማንም አላሳብብም። በወቅቱ ግን ሦስቱም ቁጠባና ጥንቃቄ መስለውኝ ነበር።

ቀደም ብዬ እንዳልኩት በርን የሚደረገው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በኬሚካል ቀለም ነው። ይህ ቀለም በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ርካሽ ምርት ሲሆን ቀለሙም፣ የሚያንጸባርቀው ንጣፍም፣ የጠርዙ እሽግም ይሳሳል። ለወረቀቱ የተጠቀምኩት ሙጫ ዲስኩን ያጣምማል። እኛ የምንኖረው ደግሞ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር በማይለቅበት፣ ጫማ በቁም ሣጥን ውስጥ በሚሻግትበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የስፔን ተመራማሪዎች ሞቃትና እርጥብ ከሆነችው ከቤሊዝ የመጣ አንድ ሲዲ መርምረው፣ ሻጋታ ከጠርዙ ገብቶ ፕላስቲኩንና የአሉሚኒየሙን ንጣፍ እንደበላው አሳይተዋል። ያን ዘገባ ሳነብ ቴፒ ያለው የአባቴ ቤት ነው ትዝ ያለኝ።

የሚቆጨኝ ሌላም ነገር አለ። በጉዟችን የዘለልነው የአዲሱ ትውልድ ዲስክ፣ የሚጻፍበት ዓይነቱ፣ በአብዛኛው የሚሠራው ቶሎ በማይደበዝዝ ኢ-ኦርጋኒክ ንጣፍ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ብዙም የማይነኩ መረጃዎቹን ለማኖር 10,000 የብሉ ሬይ ዲስኮች የሚይዝ ቁም ሣጥን መሥራቱን ያሳየው በዋጋው ዝቅተኛነትና በዕድሜው ርዝመት አምኖ ነው። ለፊልም ማያነት ያልጠቀመን ዲስክ ለማኅደርነት ይጠቅመን ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ዋጋውን የመዘንነው በመዝናኛ ሚዛን ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ በሩ እየተዘጋ ነው፤ ሶኒ የሚጻፍባቸውን የብሉ ሬይ ዲስኮች ማምረት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አቁሟል።

ርካሹን ዲስክ ግን ልኮንነው አልፈልግም። ርካሽ ባይሆን ኖሮ እነዚያን 43 ሰዎች መቅረጽ አልችልም ነበር፤ ሲበዛ አምስቱን እቀርጽ ይሆናል። በየመንደሩ ያለው የሠርግ፣ የልደትና የለቅሶ ምስል ሁሉ የተገኘው በእርሱ ነው። አምስት ሰው በጥሩ ዲስክ ቀርጾ አምስቱን ማትረፍ ይሻላል ወይስ አርባ ሦስት ቀርጾ አሥራ ሰባት ማትረፍ? በቁጥር ከሄድን ርካሹ አሸንፏል። ነገር ግን የተረፉትን አሥራ ሰባት የመረጥኳቸው እኔ አይደለሁም፤ የመረጣቸው ሻጋታው ነው። ከጠፉት መካከል አንዲት የሸኮ እናት ነበሩ። ስለ ጫካ ማርና ስለ ቀፎ ባለቤትነት ሕግ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሸክኛ ተርከውልኛል። ያን ያህል አሟልቶ የነገረኝ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለው «ስለ ማር፤ እጅግ ጠቃሚ፤ ዲስኩን ተመልከት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

የቡና ነጋዴ ይህን ስሕተት አይሠራም። ቡናው መጋዘን ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ይለካል፤ ከ12 በመቶ ገደማ በላይ ከሆነ ወደ ስጡ ይመለሳል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቆማል እንጂ መሬት አይነካም፤ ግድግዳም አይጠጋም። ሻጋታ ከገባ ዋጋው እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል። የአንድ ዓመት ምርት እንዲህ የሚጠበቅ ከሆነ የአንድ ትውልድ ቃል በጫማ ካርቶን ውስጥ መቀመጡ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ለቡናው ዋጋ የሚተምን ገበያ አለ፤ ለቃሉ ግን ዋጋ የሚተምን የለም፤ ስለዚህ መጠበቁ የማንም ሥራ አልሆነም።

ለተማሪዎቼ

ንግግሬን በልመና ልፈጽም። በሚዛን፣ በቴፒ፣ በቦንጋ፣ በማሻ ባሉ ቤቶች በቴሌቪዥን ማስቀመጫ መሳቢያ ውስጥ ዲስኮች አሉ። የሠርግ ናቸው፤ ነገር ግን ከሙሽሮቹ ጀርባ ዛሬ የሌለ ቤት፣ ዛሬ የተቆረጠ ዛፍ፣ ዛሬ የማይዜም ዜማ፣ ዛሬ የሞቱ ሽማግሌ ምርቃት ይታያል። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ሰነድ የለም። ማጫወቻዎቹ እየተበላሹ ነው፤ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። በዚህ ክረምት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ገልብጡ፤ በሁለት ቦታ አኑሩ፤ በየዓመቱ እየከፈታችሁ አረጋግጡ። ፍላሹንም አትመኑት፤ እርሱም ዲስኩ ያመለጠውን ዕዳ ይዞ የመጣ ርካሽ ዕቃ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ስትቀርጹ ዋናውን ነገር በወረቀት ጻፉ። እኔ «ዲስኩን ተመልከት» ብዬ ያለፍኩትን እናንተ ሙሉውን ጻፉት።

ካርቶኑን ዛሬ ያመጣሁት ለማሳየት ብቻ አይደለም። የተከፈቱት 17 ተገልብጠው ለትምህርት ክፍሉ ተሰጥተዋል። የቀሩትን 26 ግን ልጥላቸው አልቻልኩም። የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ በልዩ ልዩ ማጫወቻዎች ደጋግመው ሊሞክሩ ቃል ገብተውልኛል፤ ባለፈው ወር ከአንዱ ላይ የአሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ወጥቷል። ምስሉ የለም። ድምፁ የአንድ አዛውንት ነው፤ ስለ መጀመሪያው የቡና ለቀማቸው እየተናገሩ በመካከል ይቆረጣል። በአዳራሹ ውስጥ የሸኮ ቋንቋ የምትሰሙ ካላችሁ፣ ከንግግሩ በኋላ ወደዚህ መጥታችሁ እንድታዳምጡልኝ እጠይቃለሁ፤ ሁለት ቃላት አልገቡኝም።